ጳጉሜን ስድስት የተጻፈው ክስ

እኛ ግራር በር ከተማ ውስጥ አንዲት አባባል አለች። ሠርግ ላይ ትባላለች፣ ዕድር ላይ ትባላለች፣ ሰው የተናገረውን "አልወጣኝም" ብሎ ሲሟገት ትባላለች። የሚሏት ሰዎች ግን ከየት እንደመጣች አያውቁም። አንዱ "ከመጽሐፍ ናት" ይላል፣ ሌላው "የድሮ አባቶች ናት" ይላል። የድሮ አባቶች! እኔ እዚያው ተቀምጬ ስትወለድ ያየኋትን! እንዲያውም ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። ስለዚህ ከሌላ ሰው ተጣማ ከምትሰሟት ከእኔው ስሟት።

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። መኳንንት እባላለሁ። ከትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ አጥር ሥር በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ የጽሕፈት መኪናዬን ይዤ ሃያ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያየሁት ነገር ቢኖር ባለጉዳይ ሲሳሳት "ሂድና አስተካክለህ ና" መባሉን ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት፣ የባሏ የሞት ቀን በሁለት ወረቀት ላይ በአንድ ቀን ተበላልጦ ስለተጻፈ ብቻ ከገጠር ሦስት ጊዜ ስትመላለስ አይቻለሁ። እንባዋን እየጠረገች ማመልከቻውን ያጻፈችኝ እኔን ነው። ቢሮ ሲሳሳትስ? ቢሮ መቼ ተሳስቶ ያውቃል! ይኼ ነገር ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ነበር። ይህንን ያዙልኝ።

ድንበሩ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ጥሩ ልጅ ነው። አፉ ፈጣን፣ እግሩ ደግሞ ከአፉ የባሰ። ወይራ አምባ የምትኖር ስንዱ የምትባል ልጅ ወደደ፣ እሷም ወደደችው። ነገር ግን አባቷ አቶ ዘውገ ዘንድ ሁለት ወገን ሽማግሌ ይመላለስ ነበር፤ የድንበሩና የእንስሳት ሐኪሙ የምሕረቱ። አቶ ዘውገ ይሉኝታ የሚያጠቃቸው ሰው ናቸውና አንዱንም እምቢ ማለት ከበዳቸው። ሲጨንቃቸው ጊዜ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "በዘመን መለወጫ ጠዋት ቀድሞ ደጄን የረገጠ ሽማግሌ ቃሌን ይዞ ይሄዳል!"

አሁን ይኼ ፍርድ ነው? ልጅ በሩጫ ውድድር ትሰጣለች? እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስንዱ ግን ብልህ ናት። በጎረቤት በኩል ለድንበሩ "ማልደው ይምጡ፣ እንዳትዘገይ" ብላ ላከችበት።

እሱ መች ዘገየ! ያዘገዩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ጋሼ ይትባረክ ቅዳሴ ሳያልቅ ንቅንቅ የማይሉ ሰው ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ ያለ እሳቸው አይሄዱም። ቅዳሴው ሲያልቅ ፀሐይዋ ወጥታለች። በበዓል ቀን ሌላ ሾፌር ከየት ይምጣ? ሚስት ፈላጊው ራሱ ሽማግሌዎቹን ጭኖ መነሣት ግድ ሆነበት። ይኼ ደግሞ ነውር ነው። አማች ሊሆን የሚለምን ሰው በሽማግሌ ይወከላል እንጂ ራሱ ደጅ ድረስ አይሄድም። "እኔ ከመኪናው አልወርድም፣ አንገቴን ቀብሬ እጠብቃችኋለሁ" አላቸውና ነዳጁን ረገጠው።

ከከተማው መውጫ ላይ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ እየዘፈኑ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ሚኒባሱ ሲመጣ ተበታተኑ። አንዷ አስፋልቱ መሐል ደርቃ ስትቀር ሳጅን ፋንቱ የምትባል ትራፊክ ተወርውራ ገፍታ አወጣቻት። ሁለቱም ቦይ ውስጥ ወደቁ። የልጅቱ ጉልበት ተላጠ፣ የሳጅን ፋንቱ ክንድ ወለም አለ። ሌላ የደረሰ ነገር የለም፤ እግዜር ይመስገን። ባልደረባዋ ግን የፍጥነት መለኪያውን ደግኖ ነበርና ሠላሳ በሚነዳበት መንገድ ላይ ሰማንያ ሁለት አነበበ። መኪናውንም አስቆመ።

ሳጅን ፋንቱ አቧራዋን እያራገፈች መጣች። መኪናው ውስጥ ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ስታይ ሳታውቀው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ወዴት ነው እንዲህ?"

"ሽምግልና ነው እህቴ፣ በእመቤቴ!" አለ ድንበሩ።

"ሽምግልና ሄደህ ቀብር ልታመጣ ነበር" አለችና በታመመ ክንዷ የክስ ወረቀቱን ጻፈችለት። ለሽማግሌዎቹ አክብሮት ስትል አላቆየችውም። እሱም ወረቀቱን ሳያነብ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ደረሱ! የሐኪሙ ሽማግሌዎች ባጃጅ ከዳገቱ ሥር ብቅ ሲል ጋሼ ይትባረክ የአቶ ዘውገን ደጅ ረግጠው "እንኳን አደረሳችሁ" እያሉ ነበር። አቶ ዘውገም ቃላቸውን ሰጡ። ሠርጉ ለጥቅምት ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹን ሊሸኙ ሲወጡ ድንበሩን ከመሪው ሥር ተሸጉጦ አገኙት።

"ይኼ ደግሞ ማነው?"

"ሾፌሩ ነው" አሉ ጋሼ ይትባረክ። አልዋሹም መቼስ።

አቶ ዘውገ ሳቃቸው አምልጧቸው ድፎ ዳቦና አንድ ኩባያ ብርዝ ላኩለት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደስ ይላል።

በሦስተኛው ቀን ግን የክሱ ወሬ ወይራ አምባ ገባ። ድንበሩ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ በፍጥነት ሲከሰስ ሦስተኛው ነው። ሦስተኛ ከሆነ መንጃ ፈቃድ ለስድስት ወር ይታገዳል። አቶ ዘውገም ቆጣ ብለው ላኩበት፦ "ከመኪና በቀር ሌላ ሥራ የለውም። መንጃ ፈቃዱ የታገደ ሾፌር ልጄን ምን ሊያበላት ነው? ነገሩን ጨርሶ ነፃ የሚል ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ያለዚያ የጥቅምት ሠርግ የለም።"

እንግዲህ የኔ ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። ድንበሩ ፊቱ አመድ መስሎ ዳሴ ገባ።

"ጋሼ መኳንንት፣ በእናትህ ምሕረት የሚለምን ማመልከቻ ጻፍልኝ።"

"የክሱን ወረቀት አምጣ" አልኩት።

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ አነበብኩት። ከዚያ ሳቄ መጣ። ጎረቤቴ ፎቶ ኮፒ ሠራተኛዋ ደነገጠችና "ጋሼ፣ ምን ሆንክ?" ብላ መጣች።

"ድንበሩ፣ ይኼ ክስ መቼ ነው የተጻፈው?"

"በዘመን መለወጫ ዕለት ነዋ! መስከረም አንድ!"

"አይደለም። ጳጉሜን ስድስት ቀን ይላል።"

ልጁ ዓይኑን አፈጠጠ። ያለፈው ዓመት ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ብቻ መሆኑን ማን ያጣዋል? ዘንድሮ አምስተኛዋ መሽታ ሲነጋ መስከረም ጠባ። ሳጅን ፋንቱ ከጳጉሜን ሦስት ጀምሮ ሳታርፍ የበዓል ጥበቃ ላይ ነበረች። አምስትን ጽፋ ስድስትን ቀጠለች። እጅ ነውና የለመደውን ይሄዳል።

"እና ምን ማለት ነው?" አለኝ።

"እናማ በሌለ ቀን ተከሰህ ማለት ነው! በሌለ ቀን ማን ይነዳል?"

ያን ጊዜ ዳሴ ውስጥ ያለው ባለጉዳይ ሁሉ ተነሣ። አንዱ "የወጣለት ጠበቃ!" አለኝ። ሌላው "ተው እንጂ፣ ልጅቱ ልትሞት ነበር እኮ" አለ። ፎቶ ኮፒ ሠራተኛዋ "መሮጡንስ ሮጧል አይደል እንዴ? ቀኑ ምን አገባው?" ብላ ጠየቀች። እኔ ግን ያቺ ሦስት ጊዜ የተመላለሰች ሴት ትዝ አለችኝና ደሜ ፈላ። "እኛ ስንሳሳት አስተካክላችሁ ኑ ይሉናል፤ እነሱ ሲሳሳቱ እኛ እናስተካክልላቸው? ይቅመሷት!" አልኩ። እውነት አልነበረኝም? ነበረኝ። ፎቶ ኮፒዋስ እውነት አልነበራትም? እሷም ነበራት። ግራ የገባኝ እዚያው ላይ ነው፤ አሁንም አልወጣልኝም።

ማመልከቻውን ጻፍኩ። ማማር አማረ። "አመልካች ፈጽሞ ባልነበረ ቀን ጥፋት ሊፈጽም የማይችል ስለሆነ" የምትለዋን ስጽፍ ጣቶቼ ዘፈኑ።

ጋሼ ይትባረክ መጥተው አነበቡልን። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"ድንበሩ፣ ሮጠሃል ወይስ አልሮጥክም?"

"ሮጫለሁ ጋሼ፣ እርስዎም አብረውኝ ነበሩ። ግን ወረቀቱ…"

"ወረቀቱን አልጠየቅኩህም።"

"ጋሼ፣ እኔ አልዋሸሁም። ስሕተቱ የነሱ ነው። ስሕተት ማሳየት ኃጢአት ነው?"

ሽማግሌው አሰቡ። "ይኼ እንኳ ኃጢአት አይመስለኝም" አሉ በመጨረሻ፤ እሳቸውም ግራ ገብቷቸው። "ብቻ ተጠንቀቅ። ከጠየቁኝ እኔ እውነቱን ነው የምናገረው።"

ሲሄዱ ድንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ጋሼ መኳንንት፣ ቀኑን መስከረም አንድ ብለው ቢያርሙትስ?"

እዚህ ላይ ነው የኔ ግማሽ ጥፋት። "እንግዲያማ አበቃልህ፣ ተቀብለህ ቅጣትህን ውሰድ" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ትከሻዬን ሰበቅኩና "እሱን እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አልኩት። አንዳንዴ ሰው ክፉ ምክር ሳይመክር ክፉ ይመክራል።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ናቸው። እኔ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሰብሳቢው ማመልከቻዬን ሲያነቡ ግንባራቸው እየተኮማተረ ሄደ። የቀን መቁጠሪያ አስመጡ። ገለጡት። ጳጉሜን አምስት፤ ቀጥሎ ገጹ አለቀ። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አዩት፤ ስድስተኛዋ ቀን ከዚያ ተደብቃ የምትገኝ ይመስል።

"ሳጅን ፋንቱ፣ ይኼ ምንድነው?"

ሳጅኗ ፊቷ ቀላ። "ስሕተት ነው። አምናለሁ፣ የኔ ስሕተት ነው። መስከረም አንድ ለማለት ነው። ልጅቱን የገፋሁበት ክንድ ይኸው እስካሁን ያመኛል።"

"ክንድዎ ቀን አይናገርም" አሉ ከኮሚቴው አንዱ፣ አጠገባቸው ያለችው አባል "ኧረ ተው!" ብላ ቆነጠጠቻቸው። ሁሉም ተያዩ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጥሩ። እንግዲያው ቀኑን እናርመዋለን። አቶ ድንበሩ፣ መስከረም አንድ ቀን ጠዋት በዚያ መንገድ ነድተዋል?"

ልጁ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ስንዱን እያሰበ ነበር፤ ምን ያድርግ? ነድቻለሁ ቢል ስድስት ወር ነው፣ ስድስት ወር ማለት ደግሞ ጥቅምት ቀረ ማለት ነው። ለእሷ ብሎ ነው የሮጠው፣ ለእሷ ብሎ ነው እዚህ የቆመው፣ አሁን ደግሞ ለእሷ ብሎ አፉን ከፈተ።

"አልነዳሁም። በዚያን ዕለት ከቤቴ አልወጣሁም።"

"የትም አልሄዱም?"

"የትም።"

ሳጅን ፋንቱ ቆብዋን አወለቀችና ጭንዋ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ባየኋት ቁጥር ያቺ ቆብ ትታየኛለች።

ሰብሳቢው ቢጨንቃቸው "እንግዲህ ቃል ከቃል ተጋጨ፤ ሌላ ምስክርም አልቀረበም። የተጻፈው ቀን ደግሞ የለም። የሌለ ቀን ይዘን ሰው አንቀጣም" አሉና መዝገቡን ዘጉ። ውሳኔው ተተየበ፣ ማኅተም አረፈበት። ድንበሩ ወረቀቱን ስሞ ወደ ሰማይ አነሣው።

"አሁኑኑ አቶ ዘውገ ጋ እንሂድ! ነፃ የሚል ወረቀት አላሉም? ይኸው!"

ጋሼ ይትባረክንም እኔንም ጫነን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ዝግ ያለ መኪና ተሳፍሬ አላውቅም። ጋሼ ይትባረክ ውሳኔውን መንገድ ላይ እንዳነበው ስጠኝ ቢሉት "አባባ ናቸው መጀመሪያ የሚያነቡት" ብሎ ከደረት ኪሱ አላወጣም።

አቶ ዘውገ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ስንዱ ከበሩ መቃን አጠገብ ቆማ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍናለች። ድንበሩ ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበ።

"ይኸው አባባ። ነፃ ነኝ። ማኅተሙን ይዩት።"

አቶ ዘውገ መነጽራቸውን አጠለቁ። በጣታቸው መስመር እየተከተሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። "አመልካች መስከረም አንድ ቀን ከመኖሪያ ቤታቸው ያልወጡና ወደ የትም ያልሄዱ መሆናቸውን በቃላቸው ያረጋገጡ በመሆኑ…" እዚህ ላይ ጣታቸው ቆመች። ወደ ኋላ መለሷት። እንደገና አነበቡ።

"መስከረም አንድ ከቤትህ አልወጣህም?"

"እሱማ… እንዲያው አባባ፣ ለወረቀት ያህል ነው።"

"ቆይ፣ ቆይ። ግራ ገባኝ። በመስከረም አንድ ከደጄ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ዳቦዬን የበላው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እዚህ ላይ ግን አይደለህም።"

"እዚያ ላይ አይደለሁም፣ እዚህ ግን ነበርኩ" አለ ድንበሩ። ላብ በላብ ሆኗል። እኔም ላብ በላብ ነኝ፤ ያቺን ማመልከቻ የተየበ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል።

"አየህ ልጄ" አሉ አቶ ዘውገ። የተቆጡ አይመስሉም፣ የከፋቸው ነው የሚመስሉት። "እኔ ቃሌን የሰጠሁት በዚያ ቀን ቀድሞ ለመጣ ሰው ነው። አንተ አልመጣሁም ብለህ በማኅተም አረጋገጥክ፤ አንተ ካልነዳህ ሽማግሌዎችህም አልመጡም ማለት ነው። እንግዲያው በዚያ ቀን ደጄን የረገጠው ማነው? የሐኪሙ ወገን ብቻ መሆኑ አይደለም?"

"አባባ፣ ወረቀት እኮ ነው!"

"ከልጄ ጋር የምትፈራረመውስ በምን ላይ ነው?"

ያን ጊዜ ስንዱ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። ዓይኗን ከድንበሩ ላይ አልነቀለችም።

"ድንበሩ፣ መጥተህ ነበር በል። እዚሁ በጋሼ ይትባረክና በጋሼ መኳንንት ፊት በል። ነገ ደግሞ ሄደህ ለኮሚቴውም በል። ስድስት ወር ምን አላት? እኔ እጠብቅሃለሁ። አባቴንም እኔ እለምነዋለሁ።"

አቶ ዘውገ ልጃቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተቀበሉት ማለት ነው። በር ተከፈተ እኮ! "ሂድ በላት፣ አንተ ሞኝ!" ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ድንበሩ ስንዱን አየ። ከዚያ በአቶ ዘውገ እጅ ያለውን ወረቀት አየ፤ ማኅተሙ ሰማያዊ ነው፣ አዲስ ነው። ደግሞ ስንዱን አየ። ውጭ የቆመውን ሚኒባሱን አየ።

"ትንሽ… ትንሽ ላስብበት" አለ።

ስንዱ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ውስጥ ገባች፤ ከጓዳ በረንዳው ድረስ የሚሰማ ለቅሶ መጣ። አቶ ዘውገ ወረቀቱን በአራት አጥፈው ለድንበሩ መለሱለት።

ልጁ ሲጠፋበት ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ መኳንንት፣ እኔ እኮ ያደረግኩት ሁሉ ለእሷ ነው! ስሕተቱ የነሱ አልነበረም? ወረቀቱ የተሳሳተ አልነበረም?" አለኝ። ነበረ፤ ምን ልበለው? ወረቀቱ ተሳስቷል፣ ማመልከቻዬም እውነት ነበረች፣ ሁላችንም ግን እዚያ በረንዳ ላይ እንደ ሌባ ቆመናል። ጋሼ ይትባረክ ግን ከዘራቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ተነሡ፤ በበዓሉ ዕለት ረግጠው ቃል የተቀበሉበትን ደጅ አንድ ጊዜ አዩና ወደ ድንበሩ ዞረው "አይ ልጄ፣ ቀኑን የካደ ሲሳዩን ካደ" አሉት።